ጌቱ ለቅሶ አያውቅም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቤት ግዢ ስንጽፍ፣ ጌት፣ ማለትም ዘበኛ የሚጠብቀው መግቢያ በር፣ እና የራሳቸው ክለብ ያላቸውን "ራንች" የሚባሉ ሰፈሮች በሁለት መስመር ነካ አድርገን አልፈን ነበር። ሁለቷ መስመር ጉድ አመጣች። ከዴንቨር፣ ከዳላስ፣ ከሎስ አንጀለስ ዙሪያ ጥያቄ ጎረፈ። እኔ ከዴንቨር ደቡብ እንዲህ ያለ ሰፈር ውስጥ ስድስት ዓመት ስለኖርኩ መልሱ እኔ ላይ ወደቀ። ጠበቃ አይደለሁም። ቤቱን ከመግዛቴ በፊት ወረቀቱን ያላነበብኩ፣ ከገዛሁ በኋላ ግን ቅጣት እያሳመመኝ በቃሌ የያዝኩት ሰው ነኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም የለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ባለፈው ክረምት እናቴ አገር ቤት አረፈች። ጓደኞቼ እንደ ወጉ መርዶ ሊነግሩኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መጡ። እኛ ሰፈር ግን ዝም ብሎ መጥቶ በር ማንኳኳት የለም። የጌቱ ዘበኛ ስልክ ደወለልኝና "ዘጠኝ ሰው በሦስት መኪና መጥቷል፣ ስማቸው ሊስቱ ላይ የለም፣ ላስገባቸው?" አለኝ። በዚያ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰው። ስልኩን እንደያዝኩ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። እነሱ ቤቴ እስኪደርሱ ብቻዬን አልቅሼ ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። መኪና መንገዱን ሞላው፣ ሁለቱ ቶው ተደረጉ፣ ጎረቤት ጩኸት ሰማሁ ብሎ ፓትሮል ጠራ፣ በሳምንቱ ደግሞ የፓርኪንግ ቅጣት በፖስታ መጣ። ባሌ ቤቱን እንሽጠው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?
ጌቱ የከፋባት፣ ከዴንቨር ደቡብ

መልስ፦ እናትሽን ነፍስ ይማር፣ አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ብዙ የመርዶ ታሪክ ሰምቻለሁ፤ በዘበኛ አፍ የተነገረ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤሽን አንብቤ ትንሽ ቆየሁ።

ቤቱን ለመሸጥ ግን አትቸኩሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጌት ያለው ሰፈር ውስጥ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የከተማው አይደለም፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ነው፤ ኤችኦኤ የምንለው። አስፋልቱ የሚታደሰው፣ በረዶው የሚጠረገው በእናንተ መዋጮ ነው። ስለዚህ ማን የት እንደሚያቆም፣ መኪና መንገድ ላይ ያድር አያድር የሚወስነው እሱ ነው፣ ጎታቹንም የሚጠራው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው "ኤችኦኤ ማለት የፈረንጅ እድር ነው" ይላል። መዋጮው ይመሳሰላል፣ ልክ ነው። እድር ግን ሰው ሲሞት ድንኳንና ወንበር ይዞ ይመጣል፣ ይሄኛው ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ክፋት አይመስለኝም። ዘበኛው ጋ ያለው ወረቀት ላይ ፓርቲ የሚል አለ፣ ኮንትራክተር የሚል አለ፣ ለቅሶ የሚል የለም። ማንም አልነገራቸውም።

እና መንገር ነው። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ጠዋት ከዘመዶቹ አንድ እንግሊዝኛ የሚቀናውን ሰው ይመርጥና ወደ ማኅበሩ ቢሮ ያስደውላል። "ቤተሰብ ሞቶብናል፣ ለሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይመጣል፣ ስማቸውን አስቀድመን ማወቅ አንችልም" ማለት ነው። ስም ዝርዝር አምጡ ይላሉ። የለም በሉ። ለቅሶ ደራሽ ተጠርቶ አይመጣም፣ ሰምቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ቦታ ለእንዲህ ያለ ቀን የቤቱን ቁጥር የጠራ ሁሉ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ ለሠርግ ያደርጉታል፣ ለቤት ሽያጭ ያደርጉታል። ካልሆነ ደግሞ እኛ እንዳደረግነው አንድ ወጣት ከዘበኛው ጎን አቁሙ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አጎቷን ስታጣ የወንድሜ ልጅ ጃኬቱን ደርቦ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ የዘበኛው ክፍል ውስጥ ዋለ፤ መኪና በመጣ ቁጥር አንገቱን አስግጎ "የኛ ነው፣ የኛ አይደለም" ይላል። ዘበኛው በሁለተኛው ቀን ራሱ ነጠላ ያየበትን መኪና ሁሉ ማስገባት ጀመረ።

ለመኪናው መላው ክለብሃውሱ፣ የሰፈሩ የክለብ ቤት ነው። ፓርኪንጉ በሥራ ቀን ባዶ ነው። በኢሜይል ፈቃድ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት፣ ቅጣት ሲመጣ እሱን ታያይዙታላችሁ። አዳራሹንም መከራየት ይቻላል፤ ግን ምግብ ከውጭ ማስገባት የሚከለክል ክለብ ብዙ ስለሆነ ወጡን ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አንቺ የተቀጣሽውንም ዝም ብለሽ አትክፈዪ። በማኅበሩ ቦርድ ፊት ልሰማ ብለሽ ጻፊ፣ የሞት ማስረጃውን አያይዢ። ቦርዱ የተሰበሰበው ከጎረቤቶችሽ ነው፣ እነሱም እናት አላቸው።

ጎረቤቶችን በተመለከተ፣ ግራና ቀኝ ላሉት አጭር ወረቀት በራቸው ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ "በባህላችን ጮክ ብለን እናለቅሳለን፣ የተጎዳ ሰው የለም" የሚል። እኛ ያንን ስናደርግ ባለ ሰማያዊው ቤት ሰውዬ ላዛኛ ይዞ መጣ። ቀኑ አርብ ነበር፣ ላዛኛው ሥጋና አይብ ነበረው፣ ግን ማን ያያል፤ ተቀብለን ለልጆቹ ሰጠን።

የመጨረሻው ትንሽ ይከብዳል። ሁለት በጣም የምታምኛቸውን ሰዎች ዛሬውኑ በቋሚ እንግዳ ሊስት አስገቢያቸው። ዘበኛው ሳይደውል የሚገቡ ማለት ነው። አስገብተሽም ንገሪያቸው፤ "ክፉ ነገር ከመጣ እናንተ ናችሁ የምትገቡት፣ ሌላውን ይዛችሁ።" ማሟረት ነው የሚል አይጠፋም፤ የኔም ባለቤት ብላኝ ነበር። ግን ስልኩ ሲጠራ ኩሽናው ወለል ላይ ብቻ ከመቀመጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን አለህ። ዕድሜዬ 74 ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣሁት። ልጄ የገዛው ቤት ራንች ውስጥ ነው ሲሉኝ የከብት ርባታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከብት የለም። ሰውም የለም። ጠዋት ሁሉም መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል፣ በሩ ራሱ ይከፈታል ራሱ ይዘጋል። ሰሞኑን ጋቢዬን ደርቤ ከዘራዬን ይዤ ስንሸራሸር ከላዩ መብራት ያለው መኪና አስቆመኝ። ምን እንዳለኝ አልገባኝም። ወደ ቤት እስክገባ በዝግታ ከኋላዬ ነዳ። ከዚያ ወዲህ አልወጣሁም። ይሄ እስር ቤት ነው ወይስ ሰፈር?
ከብት ፈላጊው

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ ስለ ከብቱ ልንገርዎት፤ ተታለሉ እንጂ አልተሳሳቱም። ራንች ማለት አገሩ ላይ እውነትም ከብት የሚረባበት ሰፊ መሬት ነው። ከዴንቨር በስተደቡብ ሃይላንድስ ራንች የሚባል አለ፤ 22 ሺህ ኤከር ገደማ የከብት መሬት ነበር፣ የባለ ከብቱ ትልቅ የድንጋይ ቤት ዛሬም አለ። ቤት ሠሪ ኩባንያ ገዛውና የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ገቡ። ዛሬ ወደ 100 ሺህ ሰው ይኖርበታል። ከብቱ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። ሌላ ደግሞ አለ፤ ሜዳ ላይ ተንጣሎ የተሠራ ፎቅ የሌለው ቤት ሁሉ የራንች ቤት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሊፍ ሜይ የሚባል ንድፍ አውጪ ነው ፋሽን ያደረገው። ሰላጣ ላይ የሚያፈሱልዎት ነጭ ነገርም ራንች ይባላል፣ እሱን ልጅዎን ይጠይቁት።

ወደ ዋናው ልምጣ። ያ ባለ መብራት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስ አይደለም፣ ማኅበሩ የቀጠረው ጥበቃ ነው። ሥራው ያላወቀውን ሰው ማየት ነው፣ እርስዎን ደግሞ አላወቀም። ያሳፈረዎት ይገባኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ከዘራ ይዞ ጠዋት የሚንሸራሸር ሽማግሌን ሰው ተነስቶ እጅ ይነሳዋል እንጂ በመኪና አይከተለውም። ነገሩ ልጅዎ የረሳው አንዲት ወረቀት ናት። ወላጁ ሲመጣ ብዙ ሰው "እንግዳ" ብሎ ያስመዘግባል። እንግዳ ቀኑ ሲያልቅ ስሙ ከኮምፒውተሩ ይሰረዛል። "የቤቱ ነዋሪ ነው" ብሎ ማስመዝገብ ነው ያለበት። ያኔ ፎቶዎ ያለበት ካርድ ይሰጥዎታል። እሷን ካርድ በአንገትዎ ወይ በኪስዎ ይያዙ፣ ከኋላዋ የቤቱን ቁጥርና የልጅዎን ስልክ ይጻፉባት። ሲያስቆሙዎት እሷን ማሳየት ነው፣ ቋንቋ አያስፈልግም።

ካርዷ ሌላም ነገር ትከፍታለች። ክለብሃውሱ ውስጥ ልጅዎ በየወሩ እየከፈለ የማይሄድበት ስንት ነገር አለ መሰለዎት! መዋኛው፣ የእንፋሎት ክፍሉ፣ መራመጃው። ወገብ ለሚያምመው ሰው የሞቀው ውኃ ጠበል ነው፤ ሲገቡ ግን የዋና ልብስ ይላሉ፣ ሱሪ ጠቅልሎ አይሆንም። እኛ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና በነጻ አለ። ቡና ነው ካሉት። ጡረተኞች ካርታ ይጫወታሉ፤ የኔ አባት መጥቶ በነበረበት ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር ሁለት ወር ሲያሸንፋቸው ከረመ፣ ሲሄድ ኬክ ቆረጡለት።

የሌሊቱን ዘበኛም ልብ ብለው ይዩት። በዚህ አገር ጌት ላይ የሚያድረው ልጅ የኛው ሆኖ ሲገኝ ብዙ አይቻለሁ፣ ቀን ተምሮ ሌሊት ይሠራል። እኛ ጋ ያለው የደሴ ልጅ ነው። ጋቢዎን ደግሞ አያውልቁ። ሳምንት ሙሉ በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ሲያዩዎት ጋቢው ራሱ መታወቂያ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቤታችንን ስንገዛ የክለብ አባልነት አብሮ መጣ። ወርሃዊው መዋጮ ሳያንስ፣ በየሦስት ወሩ 300 ዶላር እነሱ ሬስቶራንት ውስጥ መብላት አለብን፣ ባንበላም ይቆርጣሉ። እኛ ጾመኞች ነን። ሁዳዴ ላይ ምን እንብላ? ያልበላሁትን መክፈል ኃጢአት እየመሰለኝ ነው።
ጾመኛዋ፣ ከዳላስ ዙሪያ

መልስ፦ ይቺ ባይበላም የምትቆረጠው፣ ሚኒመም የምትባለዋ ነገር እኔንም አበሳጭታኛለች። ክለቡ ወጥ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ለማድረግ የሚያስችለው ገንዘብ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሰው ባይመጣም ምግብ አብሳዩ ደመወዝ ይበላል። ስለዚህ እንዲሰርዙልሽ አትለምኚ፣ አይሰርዙም።

ከዚህ ይልቅ የቤቱን ውል አውጪና አንድ ነገር ፈልጊ። አባልነቱ ከቤቱ ጋር በውል የታሰረ ነው ወይስ በፈቃድ የተገባበት? የታሰረ ከሆነ ቤቱን እስክትሸጪ መውጫ የለም። በፈቃድ ከሆነ ግን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ውረዱ። ጎልፍ የማይጫወት ሰው የጎልፍ አባልነት መክፈሉ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ባለቤትሽ "አንድ ቀን እማራለሁ" ብሎ ከሆነ ስንት ዓመቱ ነው? ዋናና ስፖርት ቤት ብቻ የሚያስገባው አባልነት አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው፣ ሚኒመሙም ያንሳል። ስትገቡ የከፈላችሁት መግቢያ ግን ተመላሽ መሆን አለመሆኑን ውሉ ላይ እዪ። ብዙ ጊዜ አይመለስም።

አሁን ወደ ሁዳዴ። ቀን መቁጠሪያ አውጥተሽ ሂሳብ ሥሪ። የ2018ን ብንወስድ ገና ታኅሣሥ 29 ዋለ፣ በፈረንጅ ጥር 7 ማለት ነው። ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ፣ ይህም የካቲት 16 በፈረንጅ። የክለቡ ሦስት ወር ደግሞ በፈረንጅ መጋቢት መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ ፋሲካ ግን በፈረንጅ ሚያዝያ 12 ነበር። ማለትም ፋሲካን ጠብቀሽ ዶሮ አዝዤ ሚኒመሙን እሞላለሁ ካልሽ ተበላሽ። የሚበላው ከገና እስከ ሁዳዴ ባሉት 40 ቀናት ውስጥ ነው፣ ከዚያም ላይ ረቡዕና አርብን፣ የነነዌን ሦስት ቀን ቀንሽ። እኛ ቤት እንግዳ የምንጋብዘው ያኔ ነው፤ የልጆችን ልደት፣ የክርስትና እናትን፣ መኪናዬን የጠገነውን ሰው ሳይቀር ክለብ እንወስዳለን። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

ካላለቀ ደግሞ በጾሙ ውስጥም ይቻላል። "ቪገን" የምትለዋን ቃል ተጠቀሚ፤ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የማይበላ ማለት ነው። ጾም ብለሽ ካስረዳሽ "ምንም አትበዪም?" ይሉሻል። ቪገን ካልሽ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል፣ ቅቤው የት የት እንደተደበቀ ራሱ ይነግርሻል። ድንች ጥብሱን ግን ከዶሮ ጋር በአንድ ዘይት እንደሚያወጡት ጠይቂ። ወደ ቤት የሚወሰድ ምግብ ሚኒመሙ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነም ጠይቂ፤ እኛ ጋ ይቆጠራል፣ ቲፑ ግን አይቆጠርም። ኃጢአቱን የነፍስ አባትሽ ይንገሩሽ፣ እሱ ከኔ ሥልጣን በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ለዓመቱ የሚሆን በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አጥባ ድራይቭዌይ ላይ በአንሶላ አሰጣች። ፀሐዩ ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከኤችኦኤ የቫዮሌሽን፣ የደንብ ጥሰት ደብዳቤ መጣ፣ ፎቶ ሁሉ አንስተዋል። በየቀኑ ይቆጥሩብኛል? ቤቴንስ ሊወስዱብኝ ይችላሉ? ደግሞ እንግሊዝኛው የጠበቃ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም።
ባለ በርበሬው፣ ከአውሮራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮሎራዶ ውስጥ መሆንህ በጀህ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሕግ አለ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቅጣቱ በየቀኑ እየተቆለለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሚል ውጭ ባደረ ቤቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው ነበር። አሁን ጤናንና ደህንነትን ለማይነካ ጥፋት መጀመሪያ በጽሑፍ አስታውቀው የ30 ቀን ጊዜ ይሰጡሃል፣ ካላስተካከልክ ሌላ 30 ቀን፣ ቅጣቱም ለአንድ ጥፋት ከ500 ዶላር አይበልጥም። የቀን ቆጠራ የለም። ዕዳህ ቅጣት ብቻ ከሆነ ቤትህን ማስወረስ አይችሉም።

ይህን የሚያውቅ ሐበሻ ግን በጣም ጥቂት ነው፦ ያው ሕግ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛና አንተ በመረጥከው ቋንቋ እንዲጻፍልህ ያዛል። መምረጥህን ግን ቀድመህ ማሳወቅ አለብህ። ዛሬ ማታ ለማኅበሩ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፍ፤ "ማንኛውም ደብዳቤና ማስታወቂያ በአማርኛም እንዲላክልኝ እፈልጋለሁ" በል። እኔ ጽፌ ነበር። የመጣልኝ አማርኛ የኮምፒውተር ነበር፣ "ሣርዎ ተናዷል" ይላል። ቢሆንም ገባኝ፣ ሣሩንም አጨድኩ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በቅጣቱ ተናድደህ ወርሃዊ መዋጮውን እንዳታቆም። እሱ ሌላ ዕዳ ነው፣ ሲጠራቀም ቤቱ ላይ ይመጣል። ተቸግረህ ከሆነ እስከ 18 ወር በሚደርስ ጊዜ ከፋፍለህ እንድትከፍል ዕድል ሊሰጡህ ይገባል፣ ጠይቅ። ቴክሳስ ያላችሁም በቅጣት ብቻ ቤት አይወረስባችሁም። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደህንነትን የማይነካ ቅጣት ለአንድ ጥፋት በ100 ዶላር ተገድቧል።

ስለ በርበሬው እውነቱን ልንገርህ፤ ጥፋተኛ ነህ። ኮሎራዶ ተጠቅልሎ የሚገባ የልብስ ማስጫ ገመድ ማኅበሩ እንዳይከለክል ሕግ አላት፣ ለበርበሬ ግን ማንም አላሰበም። ባክያርድ ውስጥ ከአጥሩ በታች አስጡት፣ ላዩ ላይ ነጭ መረብ አድርጉበት። ነፋሱ ወደ ጎረቤት በሚነፍስበት ቀን እንዳትነኩት። ፎቶ ያነሳብህ ሰው ደንብ ስለሚያከብር አይመስለኝም፣ አስነጥሶት ነው።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈረስ ያላቸው ሀብታሞች ሰፈር አሮጊት ሴትዮ ነው የምንከባከበው። ጠዋት ጠዋት ጌቱ ላይ ከአትክልተኞቹና ከቧንቧ ሠሪዎቹ ጋር በሠራተኛ መስመር እሰለፋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ ዘገየሽ እባላለሁ። በዚያ ላይ ፈረስ መንገድ መሃል ይገባል፣ ክላክስ ሳደርግ ሰደቡኝ።
የምትሰለፈዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ሴትዮዋን ሳይሆን ልጆቿን አናግሪ። "በየቀኑ የምመጣ ነኝ፣ መስታወቴ ላይ የሚለጠፈውን ባርኮድ አውጡልኝ ወይም ቋሚ ሊስት ውስጥ አስገቡኝ" በያቸው። የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ግን ካልተጠየቁ ትዝ አይላቸውም። ጌቱ ላይ ደርሰሽ የቆየሽበትንም ሰዓት በስልክሽ ፎቶ እያነሳሽ አስቀምጪ።

ፈረሱን በተመለከተ ግን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው። እዚያ አካባቢ ሮሊንግ ሂልስና ሂድን ሂልስ የሚባሉ፣ ሙሉ ከተማቸው በጌት የተዘጋ ቦታዎች አሉ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሁለተኛው በ1961 ከተማ ሆኑ። የፈረስ መንገዱ በሰው ግቢ ጠርዝ ሁሉ ያልፋል። ሮሊንግ ሂልስ ውስጥ ፈረስ ባይኖርህም ለጋጣ የሚሆን ቦታ መተው ግድ ነው፣ የትራፊክ መብራት የሚባል ደግሞ የለም። ፈረስ ስታዪ ቁሚ፣ ሞተሩን አታስጩሂ፣ ክላክስ በፍጹም። ከጠፋብሽም "ነጩ ቤት የት ነው?" ብለሽ አትጠይቂ። የሮሊንግ ሂልስ ደንብ ቤት ሁሉ ነጭ ይቀባ ይላል።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ቻናል የማይበትን ዲሽ አውርድ አሉኝ። መብት አለኝ?

መልስ፦ አለህ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ የፌደራል ደንብ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ዲሽ በራስህ ይዞታ ላይ ስትሰቅል ማኅበር እንዳይከለክልህ ያዛል። ከመንገድ የማይታይበት ቦታ አድርገው ሊሉህ ይችላሉ፣ ምልክቱን የሚያበላሽ ወይ ወጪ የሚያንር ካልሆነ። ለራስህ ብለህ ወደ ጓሮ አዙረው፣ ነገር አታብዛ። ሜትሩን ግን ለካው፤ ጓደኛህ ያመጣልህ ያ ትልቁ ከሆነ አላስጥልህም።

ጥያቄ፦ ራንች ከሆነ ለፋሲካ በግ ማረድ አይቻልም እንዴ? ባክያርዱ ሰፊ ነው።

መልስ፦ አይቻልም። ሃያ ቤተሰብ ጠይቆኛል፣ ለሃያውም አንድ መልስ ነው። የሰፈሩ ውል አብዛኛውን ጊዜ በግም ሆነ ዶሮ ባክያርድ ውስጥ መያዝን ይከለክላል፤ ልጆች የተሞላ ትራምፖሊን ባለበት አጥር ሥር በግ ሲታረድ ጎረቤት ቢያይ የሚመጣው ደብዳቤ ሳይሆን የፖሊስ መኪና ነው። ሕጉ ራሱ ግን የገዛኸውን በግ ለቤተሰብህና ለእንግዳህ ብለህ ማረድን አይከለክልም፣ ቦታው ነው ጉዳዩ። ከከተማ ወጣ ብለው ያሉ ገበሬዎች አሉ፣ ከእነሱ ገዝታችሁ እዚያው አርዳችሁ ትመጣላችሁ። የኛ ሰው ከበዛበት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጠይቁ፣ ስልካቸውን የያዘ አይጠፋም። ሐሙስ ደውሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ አለ። ቢላዋችሁን ስላችሁ፣ በረዶ ያለበት ሣጥን ይዛችሁ፣ ቆዳውን እዚያው ትታችሁ። በጉን በሕይወቱ ጭናችሁ በጌቱ እንዳትሞክሩ ብቻ፤ ስሙ ሊስቱ ላይ የለም።